ኃይልና ሥልጣን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፤ ከምርጫ በኋላ ስለሚቀር ቂም እንድናገር ጠይቃችሁኛል። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ በቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ልጆች ብዙዎቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም። በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 23 ውሎ ስለነበር ሃምሳው አላለቀም። ጧት ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ። እኛም «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለን መለስን። «አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉ «አግዐዞ ለአዳም» አልን። ከዚያ ነጠላችንን እንዳጣፋን ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥኩ።

አባቴ አንድ አበልጅ ነበረው፤ የታላቅ ወንድሜ የክርስትና አባት። ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ተቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። ያን ጊዜ በሬዲዮ ቀንና ሌሊት የተቃዋሚዎቹ ስም «ቅንጅት፣ ቅንጅት» ሲባል ይገርመኝ ነበር። ያው የእኛው የመቀናጆ ቃል ነው።

አባቴ ንብን፣ የገዢውን የኢሕአዴግን ምልክት፣ መረጠ። አበልጁ ቅንጅትን መረጠ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። በ1989ኙ የመሬት ድልድል አባቴ መሬት አገኘ። አበልጁ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር «ቢሮክራሲ» ተባለና መሬቱ ተቆረጠ። ያኔ እንኳ አልተጣሉም። አብረው ማረሳቸውን ቀጠሉ። ምርጫው ግን ለያያቸው።

አንድ ቀን አበልጁ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቱን፣ አውጥቶ በደጃችን አለፈ። አባቴ ጀርባውን ሰጠው። በቃ። ሰላምታ ቆመ፤ መቀናጆው ፈረሰ። ሰው ሁሉ ማሳውን ሲደጋግም የእኛ በሬ ደጅ ታስሮ ይውላል። እናቴ በሬውን እያየች ታለቅስ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው፦ ያ ሁሉ የሆነው በሃምሳው ውስጥ ነው። አፋችን «ኃይልና ሥልጣን የክርስቶስ ነው» ይላል፤ ልባችን ግን ንብና ሁለት ጣት ላይ ነበር።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ፖለቲካ አያገባንም አልልም። መሬት ያገባናል። ማዳበሪያ ያገባናል። የሰው ደም ያገባናል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ራሱ ቆጥሯል። ክርስቲያን ይመርጣል፣ ይጠይቃል፣ የተበደለ ካለ ይጮኻል። የምለው ሌላ ነው። ድምፅህን ስጥ፤ ነፍስህን ግን አትስጥ። ዳዊት በ145ኛው መዝሙር ማዳን በማይችሉ አለቆች አትታመኑ ይለናል። ምክንያቱንም አብሮ ይነግረናል፤ አለቃው ነፍሱ ትወጣለች፣ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ያሰበው ሁሉ በዚያው ቀን ይጠፋል። ዳዊት ራሱ ንጉሥ ነበር። አለቃን ጠልቶ አይደለም ይህን ያለው፤ አለቃ ምን እንደሆነ ከውስጥ ያውቀዋል።

እኛስ አናውቅም እንዴ? የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1874 እምባቦ ላይ ተማረኩ። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ከጣሊያን ጋር ተዋጋ፤ በ1937 ዓ.ም. በገዛ ንጉሡ መንግሥት ተሰቀለ። ንጉሡም በተራቸው ወረዱ። ደርግ «አብዮታችን አይቀለበስም» ብሎ ነበር፤ ወደቀ። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ሁሉ ዘመን ቀድሳለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንደጻፈለት ስለ ገዢዎች ጸልያለች። ስማቸው ተለዋወጠ፤ ጸሎቱ አልተለወጠም። ያልመረጥከው ሰው ሲያሸንፍ እንኳ ትጸልይለታለህ። ይሄ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ለእኔም ይከብደኛል።

ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ይለናል። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ያኔ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞረን እጅ እንነሣለን። ልጆች፣ በስልካችሁ ፌስቡክ ላይ የሰደባችሁት ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ቢሆንስ? እውነቴን ነው፤ በዚህች ደቂቃ አስቡት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሰኔ 12 የሚካኤል ጽዋ የእኛ ተራ ነበር። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ አበልጁ ቀረ። ዳቦው ቀርቧል፣ ጠላው ተዘጋጅቷል። የንስሐ አባታችን ግን አንባርክም አሉ። «አንድ ሰው ጎድሏል» አሉ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ይጀመር ብሎ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። መስቀላቸውን ይዘው በዝናብ ወጡ። ጠበቅን። መሸ። ልጆቹ ራባቸው። እናቴ ኩራዙን ለኮሰች። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረም።

ሲመለሱ አበልጁ ከኋላቸው ነበር፤ ጋቢው በስብሷል። አባቴ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት። ሁሉም ዝም አለ። አበልጁ እንደተቀመጠ፣ «በሬህ ሥራ ፈታ እኮ» አለው።

«ያንተስ?» አለ አባቴ።

«ያው ነው።»

ያኔ ቄሱ መስቀሉን በጽዋው ላይ አነሡ። የምርጫው የመጨረሻ ውጤት በዚያ ቀን ገና አልተነገረም ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለቱ በሬዎች አንድ ቀንበር ላይ ዋሉ።