ማን ነካው?

...እሺ፣ እየቀዳ ነው። የሚጮኸው የታወቀው ጀነሬተር ነው። ኮሜንት ላይ እንዳትጀምሩኝ።

የእትዬ ጥያቄ አልወጣልኝም። የታችኛዋ እትዬ፣ የሽሮዋ። ኮዬ ፈጬ መብራት ሄዷል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የድሮ የባሪየም ደመና ምስሎች አሳየኋቸው። ሮኬት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ የባሪየም ትነት ይለቃል። ምድር ሲጨልም ነው የሚለቁት፣ እላይ ግን ገና ፀሐይ አለች። ብርሃኗ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ብዙው ፕላዝማ፣ ማለትም ቻርጅ ያለው ጋዝ ይሆናል። ያልተነጠቀው ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። ፕላዝማ የሆነው ሐምራዊው ግን የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ይዞ ይረዝማል።

ከዚያ አንዱ ጠርዝ ይተረተራል። ክር ክር ይላል።

"የነጠላ ዘርፍ" አሉ። ስልኩን ሳይመልሱልኝ ደግሞ፣ "ታዲያ ማን ነካው?"

ማንም አልኳቸው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎርበጥ ያለ ቦታ አለ። ነፋሱ ሲገፋ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቻርጅ እዚያ ጋ በየፊናው ይከማቻል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። እሱ ስሱን ፕላዝማ ወደ ደመናው ውስጥ፣ ወፍራሙን ወደ ውጭ ይገፋል። ጉብታው ባደገ ቁጥር መግፋቱም...

"ሳይነኩት አይተረተርም ልጄ።"

እንዲህ ብለው ዝም። የልጆቻቸውን ነገር ነግሬያችኋለሁ አይደል? ስለ ደመናው ይሁን ስለ እነሱ፣ እንጃ። አልጠየቅኳቸውም።

በነገራችን ላይ ናሳ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 ከዎሎፕስ፣ አሜሪካ ካለው የሮኬት ማስወንጨፊያው፣ ባለቀለም ደመና ሲለቅ ደጋግሞ ያራዘመው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በደመና! ሰማዩ አልጠራ ብሎ። ይሄን ስነግራቸው እንኳ አልሳቁም። እኔ ግን ሁሌም ያስቀኛል።

እኛ ጋ ቢለቁትስ? አዲስ አበባ መግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ናት፣ መስመሮቹ ከላያችን ጠፍጣፋ ናቸው ማለት ይቻላል። ደመናው ከሱሉልታ ወደ ደቡብ ተጋድሞ ይታይ ነበር። ደግሞ ሮኬትም አያስፈልግ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከላያችን ያለው ፕላዝማ በብዙ ምሽቶች ራሱ ይናወጣል። ከሥር ስሱ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሳተላይት ሲግናል ያንቀጠቅጣል። የሚነካው የለም።

ይሄን ብነግራቸውስ? ማንም አልነካውም እትዬ፣ ሲመሽ የሚሆን ነገር ነው ብላቸው... ደስ የሚላቸው አይመስለኝም። ወይም ይቀላቸው ይሆናል። አላውቅም። ደግሞ ያ ጎርበጥ ያለው ከየት መጣ ቢሉኝስ? እሱን እኮ...