የቤቱን ወረቀት የሚያነበው ልጅ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ወጣቶቻችን ዕድል ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር። ትናንት ማታ ደግሜ ሳነበው ግን አላስቻለኝም። ዋናውን ነገር ዘልዬዋለሁ። ያንን ወረቀት አስቀመጥኩትና ዛሬ ስለ አስተርጓሚ ልጆቻችን ላወራችሁ መጣሁ።

ከራሴ ልጀምር። እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን የገባሁት በ15 ዓመቴ ነው፣ ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ ሰፈር። እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቼ። እኔን ለአዲስ መጪዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። በስድስተኛው ወር እናቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። ከትምህርት ቀርቼ ላስተረጉምላት ሄድኩ። ሐኪሟ ኮምፒውተሯን አየችና የደም ምርመራው «ፖዘቲቭ» ነው አለች። ሌላም ብዙ ነገር አለች፤ እኔ የያዝኩት ግን ያችን ቃል ነው። መምህሬ ደብተሬ ላይ «ፖዘቲቭ» ብላ ስትጽፍልኝ ጎበዝ ነሽ ማለቷ ነበራ!

«እማ፣ ጥሩ ነው» አልኳት።

እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «ተመስገን» አለች። ሐኪሟ የራጅ ማዘዣ ሰጠችን። ቤት ስንደርስ ማዘዣውን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ውጤቱ ጥሩ ነው ብያለሁ፣ ማን ይሄዳል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። እሱንም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል ስፈታው፣ የሳንባ ነቀርሳ የሚለው ላይ ደረስኩ። እናቴ እዚያው አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ምንም አላልኳትም። ያን ሌሊት እናቴን የገደልኳት መስሎኝ ትንፋሿን ሳዳምጥ ነው ያደርኩት።

በኋላ በትክክለኛ አስተርጓሚ ሲነገረን፣ ተህዋሱ ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ያለ፣ ያላሳመማት፣ ወደ ሰው የማይተላለፍ ነበር። መድኃኒቷን ለወራት ወስዳ ጨረሰች። ይኸው ዛሬም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ይህን እንድናገርም ፈቅዳልኛለች። እማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ይሄ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላወራውም ነበር። አሁን ሥራዬ ከስደተኛ ቤተሰብ ከመጡ ወጣቶች ጋር ነው፤ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። የመንግሥት ድጎማ ወደሚከፍለው ቢሮ፣ ወደ ሴንተርሊንክ ደውላ፣ እናቷን ለመምሰል ድምጿን አወፍራ፣ የእናቷን የልደት ቀን በቃሏ እየጠራች ሃምሳ ደቂቃ መስመር ላይ የምትጠብቅ የ14 ዓመት ልጅ አለች። አከራዩ ቤት ሊያይ ስለሚመጣ ሰኞ ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ። የወላጆች ስብሰባ ላይ የራሱን ውጤት ለአባቱ የሚተረጉም ልጅ አለ። መምህሩ «ልጅዎ በሂሳብ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል» ሲል፣ ያ ልጅ ምን ብሎ ነው የሚተረጉመው? አባትስ ምን ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው? የእናቱን የማህፀን ሕመም ለሐኪም እንዲያስረዳ የተጠራውን የ13 ዓመት ወንድ ልጅም አስቡት። እሱም ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች። ሐኪሙ ማወቅ የነበረበት ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ልጆቻችን ይህን ያህል እንደሚሸከሙ አገር ምድሩ ያየው ደግሞ በ2020 ነው። ሐምሌ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልቦርን ያሉት ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች በኮቪድ ምክንያት ወዲያውኑ ተዘጉ። ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ቀሩ፤ ታች ፖሊስ ቆመ። ከእናንተም እዚያ የነበራችሁ አላችሁ። ምን እንደተባለ በራሱ ቋንቋ የነገረው የሌለ ሰው ስንት ነበር? ማን ነው ታዲያ ያስተረጎመው? የየፎቁ ወጣቶች ናቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ ስልካቸው ላይ እየጻፉ፣ በድምፅ እየቀዱ ላኩ። ማን መድኃኒት እንዳለቀበት፣ የማን ሕፃን ወተት እንደሌለው መዝግበው የያዙት እነሱ ነበሩ። የግዛታችን የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባወጣችው ሪፖርት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የተደረገው መዝጋት የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ ነው ብላለች። በእነዚያ ልጆች እኮራለሁ። የብዙዎቹ ዕድሜ ግን የፈተና ዕድሜ ነበር፤ ያንን ማንም አልጠየቃቸውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የሚያነብ ልጅ፣ የራሱን ወረቀት የሚያነብለት ሰው የለውም።

አውቃለሁ፣ ወላጆች ወደው አይደለም። ሌሊት ጽዳት፣ ቀን አረጋውያን ቤት የሚሠራ ሰው መቼ ቋንቋ ይማራል? ልጁ ደግሞ አጠገብ አለ፣ ታማኝ ነው፣ የቤት ጉድም አያወጣም። ብዙዎቻችሁ የምትሉኝም ይህንን ነው፦ «አስተርጓሚው የማውቀው ሰው ቢሆንስ? ነገ ማኅበር ላይ ብንገናኝስ?» ስጋታችሁ ተገቢ ነው፤ እዚህ ከተማ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ግን መፍትሔ አለው። በሙያው ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በስልክ ሲሆን ደግሞ ፊታችሁን አያይም። ከሌላ ስቴት ያለ ሰው ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሜ አይነገር በሉ። ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለትም ትችላላችሁ።

ስልካችሁን አውጡና መዝግቡ። 131 450። ቲስ ናሽናል የሚባል የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሲያነሱ አንድ ቃል ብቻ በሉ፦ «አምሃሪክ»። ከዚያ ጠብቁ። ለሴንተርሊንክ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ በቋንቋችሁ የሚያነጋግር ሌላ መስመር አለ፣ 131 202። የመንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮ ስትይዙ «አስተርጓሚ ያስፈልገኛል» በሉ፤ አትከፍሉም። ልጆችን አስተርጓሚ አድርጎ መጠቀም እንደማይገባ የቪክቶሪያ መንግሥት የራሱ መመሪያ ይናገራል። እንግዳ ተቀባዩ ላይ ያለው ሰው ልጃችሁን አይቶ «እሱ ይበቃል» ካለ፣ አይበቃም በሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶች። መንግሥት ለአዲስ መጪዎች የሚሰጠውን ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምራችሁ «510 ሰዓትሽ አልቋል» የተባላችሁ ካላችሁ፣ ያ ገደብ በ2021 ተነስቷል። ተመልሳችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ልጁ ወረቀት ልምጣ። መስከረም ላይ ነን፤ እዚህ አገር ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይጀምራል። ይህን ሁለት ወር ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካለ፣ እባካችሁ የመብራት ደብዳቤ እንኳ አታስነብቡት።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሞላው ፎርም ላይ «ሲያስ» የሚባል ክፍል አለ። ልጁ በስደት ያሳለፈውን፣ ያቋረጠውን ትምህርት፣ የቤተሰቡን የገንዘብ ችግር፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው መሆኑን የሚገልጽበት ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያንን አይተው ከነጥቡ ጋር ያገናዝባሉ። ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይተዉታል። ለምን? ያፍራሉ። «ማሳዘኛ መስሎ ታየኝ» ያለኝ ልጅ አለ። ልመና አይደለም ልጆች፤ የሆነውን መናገር ነው። የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ ሙሉት። አገሪቱ ውስጥ ከሰባት ዓመት ያልበለጣችሁ፣ በእንግሊዝኛም በድምሩ ከሰባት ዓመት በላይ ያልተማራችሁ ደግሞ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ ለመውሰድ ብቁ ናችሁ፤ የት/ቤታችሁን አስተባባሪ ጠይቁ።

የቪዛ ነገርም አለ፣ ብዙ ቤት ያስለቀሰ። በስደተኛ ቪዛ፣ በ200፣ በ202 ወይም በ204 የመጣ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያውን በመንግሥት ብድር፣ በሄክስ፣ ሸፍኖ ሊማር ይችላል። በቤተሰብ ቪዛ የመጣው የአጎቱ ልጅ ግን ቋሚ ነዋሪ ቢሆንም ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ብድሩን አያገኝም፤ በየሴሚስተሩ ከኪስ መክፈል አለበት። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ዓይነት ነጥብ፣ ሁለት ዕጣ። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ለምክር ቤት አባላትም ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። እስኪለወጥ ግን የዜግነት ማመልከቻ አታዘግዩ። ወላጅ ሲያመለክት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚያው ማመልከቻ ላይ ይካተታል። 16 ከሞላው ለብቻው ነው።

በ17 ዓመቱ ከካምፕ መጥቶ፣ ሰባተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ዕድሜው ታይቶ 11ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ላይ ዶክተር ሁን እያላችሁ አትጫኑት። ከ2023 ጀምሮ «ቪሲኢ ሙያ» የሚባል መንገድ አለ፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን ያገኛል፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡን ግን አያገኝም። ይህንን ሳያውቁ የሚገቡ ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቴፍ በሚባለው የመንግሥት የሙያ ኮሌጅ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የትምህርት ክፍያው ነፃ የሆነ ብዙ ኮርስ አለ። ኤሌክትሪክ ሥራ በአፕሬንቲስነት የገባ ልጅ እየተማረ ደሞዝ ይበላል። ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ ይህን በር አትዝጉበት።

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ስንት ልጅ ሥራ ያሳጣ ነገር ልጨምር። መንጃ ፈቃድ። ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ለፈተና ከመቅረቡ በፊት 120 ሰዓት ከጎኑ ፈቃድ ያለው ሰው ተቀምጦ መንዳት አለበት። መኪና የሌለው ቤት፣ ወይም አባት ሌሊት ሌሊት ታክሲ የሚነዳበት ቤት፣ 120 ሰዓት ከየት ይመጣል? ጠዋት 12 ሰዓት ባቡር የማይደርስበት የግንባታ ቦታ መገኘት ያለበት ልጅ ደግሞ ያለ መኪና ሥራውን ያጣል። «ኤል ቱ ፒ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መኪናውን ፕሮግራሙ ያቀርባል፣ በጎ ፈቃደኛ አብሮት ይቀመጣል። በየአካባቢው አለ። ወረፋ ስላለ ዛሬ ተመዝገቡ። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ አዋቂዎችም እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሁኑ፤ በአማርኛ «ቀስ በል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ልጆች፣ ይህ ሁሉ ተሟልቶም ስማችሁን አይቶ የማይደውልላችሁ ቀጣሪ ሊኖር ይችላል። እዚህ አገር ተመራማሪዎች ከ4,000 በላይ የይስሙላ የሥራ ማመልከቻ ልከው አይተውታል፤ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ስሙ የመካከለኛው ምሥራቅ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ስም ካለው ሰው እኩል የጥሪ ብዛት ለማግኘት 64 በመቶ የበለጠ ማመልከቻ መላክ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ካልተደወለላችሁ ሰነፍ ነኝ ብላችሁ ራሳችሁን አታሳምኑ። ስማችሁንም አትቀይሩ። ይልቅ እናንተ ያላችሁን እነሱ የላቸውም፦ ሁለት ሦስት ቋንቋ። አድጋችሁ፣ ሰልጥናችሁ፣ ለአስተርጓሚዎች የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጠውን የናቲን ፈተና ካለፋችሁ፣ በልጅነታችሁ በነፃ የሠራችሁት ያ ማስተርጎም የሚከፈልበት ሙያ ነው። በ13 ዓመት ሸክም ነው፣ በ23 ዓመት እንጀራ ነው።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ አላቆያችሁም። በስተኋላ በኩል፣ ከረከቦቱ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ እኔና ሦስት ጓደኞቼ አለን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ ሲያሱን አብረን እንጀምረዋለን። ቤት ያልተከፈተ ደብዳቤ ያላችሁም አምጡት። 131 450ን ደውሎ የማያውቅ ሰው ካለ እዚያው በድምፅ ማጉያ እንደውልና እናቶች ራሳችሁ «አምሃሪክ» ትላላችሁ፤ እናቴ እንዴት እንደሚባል ታሳያችኋለች። በረካው ሳይጠጣ እንድንጨርስ፣ አቦሉ ላይ ኑ።