ከፍሎ «አልከፈልክም» የተባለ ደንበኛ

እንደምን ቆያችሁ። ዛሬ የማነሳላችሁ የደንበኞች ሒሳብ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ከገጠሙኝ ችግሮች ሁሉ ከልቤ ያልወጣውን ነው። አንድ ደንበኛ ወርኃዊ ክፍያውን ከፍሎ፣ ደረሰኙም በኢሜይል ደርሶት ሳለ፣ የእኛ ገጽ ግን በቀይ ቀለም «ክፍያ አልተፈጸመም» ይለው ነበር። የደረሰኙን ምስል አያይዞ የላከልን መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ላቅርብ?»

እኔም በችኮላ ዳታቤዙን ከፍቼ የምዝገባውን ሁኔታ በእጄ ወደ «ንቁ» ቀየርኩና ይቅርታ ጠይቄ ጉዳዩን ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ቀዩ ጽሑፍ ተመልሶ ጠበቀኝ። ይባስ ብሎ መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ሰዓት የእኔን እርማት ተከትሎ ስለተቀየረ፣ ጥፋቱ መቼ እንደተፈጠረ ከዚያ ማንበብ አልቻልኩም። በገዛ እጄ ዱካውን አጥፍቼው ነበር።

ስለዚህ ሰርቨራችን የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ወደሚመዘግብበት ፋይል፣ ወደ ሎጉ፣ ሄድኩ። የክፍያ አገልግሎት ሰጪው እያንዳንዱን ክንውን በዌብሁክ፣ ማለትም ወደ ሰርቨራችን በራሱ በሚላክ መልእክት፣ ያሳውቀናል፤ የዚያን ደንበኛ መልእክቶች የተፈጠሩበትንና እኛ ዘንድ የደረሱበትን ሰዓት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ተገለጠልኝ። የመጀመሪያው ሙከራ ውድቅ ሆኖ «አልተሳካም» የሚለው መልእክት ሲላክ ሰርቨራችን ምላሽ አልሰጠም፤ ደንበኛው ካርዱን ቀይሮ ሲከፍል «ተከፍሏል» የሚለው ወዲያው ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያ አሮጌ መልእክት በድጋሚ ተልኮ መጣና አዲሱን ሻረው። ሌሊት ሌሊት ሁኔታዎችን የሚያድሰው ፕሮግራማችንም በመጨረሻ የደረሰውን መልእክት ብቻ ስለሚያምን የእኔን እርማት መልሶ አጠፋው።

እንዲህ ያለው መዘበራረቅ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው የክፍያ አገልግሎት ሰጪ መልእክቶቹ በተፈጠሩበት ቅደም ተከተል ለመድረሳቸው ዋስትና እንደማይሰጥ፣ ያልደረሱትንም እስከ 3 ቀን ድረስ ደጋግሞ እንደሚልክ በመመሪያው ጽፏል። እኛ ግን የደረሰውን መልእክት ሁሉ እንደ መጨረሻ ቃል ተቀብለን ነበር።

አሁን መልእክት ሲደርስ ፕሮግራሙ በይዘቱ አይወስንም፤ የምዝገባው ሁኔታ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሆነ አገልግሎት ሰጪውን መልሶ ይጠይቅና የተሰጠውን መልስ ይመዘግባል። ሁለት ጊዜ የደረሰ መልእክትም ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ መለያ ቁጥሩን እናስቀምጣለን። ሁኔታው ተሳስቶ መልእክቶቹ ደህና ሆነው ከተገኙ ደግሞ ካሹን (ለፍጥነት ሲባል ለጊዜው የተቀመጠውን የመረጃ ቅጂ)፣ የሰዓት ቀጠናውን፣ አንድ ሰው በሁለት ኢሜይል የከፈታቸውን ሒሳቦች በየተራ አያለሁ።

ለደንበኛው የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፍኩለት። ከዚያም ተመሳሳይ የሰዓት መገላበጥ ያለባቸውን መዝገቦች ስፈልግ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ያው ቀይ ጽሑፍ የታያቸው ሌሎች ደንበኞችን አገኘሁ። ከመካከላቸው አንዷ ጽሑፉን አምና ለዚያው ወር በድጋሚ ከፍላ ነበር፤ በዚያ ቀን የመጨረሻ ሥራዬ ሁለተኛው ክፍያ እንዲመለስላት ማድረግ ሆነ።