መሪው ሲዋልል ጥፋቱ ከኋላ ሊሆን ይችላል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮው የመኪና ሰዓታችን ላይ ስለ ረጃጅም መኪኖች መሪ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላባራም። ከደወላችሁት መካከል ኮስተር ውስጥ አልጋና ማእድ ቤት ሠርቶ ሐይቅ ዳር ማደር የጀመረ አለ፤ ዶልፊን ይዞ ለዕለት እንጀራው የሚሮጥም አለ። የሁላችሁም አቤቱታ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ መኪናው እንደፈለገው ይሄዳል። ፒያሳ ካለው ስቱዲዮ ወጥቼ እስክሄድ ድረስ ሰዓቱ አልበቃኝም፣ የቀሩትን ጨምሬ መልሱን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አድማጭ ከካዛንቺስ፦ «ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ አሮጌ ኮስተር ገዝተን፣ ወንበሩን ነቅለን አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር አስገባንበት። ከተማ ውስጥ ደህና ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 80 ስንገባ ግን መሪው ባዶውን የሚሽከረከር ይመስላል፤ ከባድ መኪና ሲያልፈን ደግሞ ወደ ጎን ይወስደናል። ሦስት ጋራዥ ሄድን። ሁለቱ የመሪ ሳጥን ቀይሩ አሉ፣ አንዱ አጠበቀልንና ጭራሽ ባሰበት።»

ያጠበቀላችሁን ሰው መጀመሪያ ልውቀሰው። የመሪ ሳጥን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው) ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ማዞር የአምስት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ሁሉም እጁ ይቀድማል። ከልክ በላይ ስትጠብቅ ግን መሪው ከታጠፈበት በራሱ መመለሱን ይተዋል። ሾፌሩም በየጊዜው እየመለሰ፣ እያለፈም እንደገና እየመለሰ እንደሰከረ ሰው ይነዳል። ወደነበረችበት አስመልሷት።

በአየር ላይ አንድ ነገር ጠይቄዎት ነበር፦ ታንከሩ የት ነው? «ከኋላ፣ አልጋው ሥር፣ 300 ሊትር» አሉኝ። ጄኔሬተሩስ? እዚያው። ባትሪዎቹስ? እነሱም። እኔ ያኔውኑ የመሪ ሳጥኑን ጉዳይ ትቼዋለሁ።

የፈረስ ጋሪ አይታችኋል። ጭነቱ ከጎማው ወደ ኋላ ሲያመዝን ጋሪው ፈረሱን ሽቅብ ያነሳዋል፤ እግሩ መሬት ካልረገጠ ፈረሱ ምን ይጎትታል? የእናንተም ኮስተር እንደዚያው ነው። የረጅሙ ኮስተር የፊትና የኋላ አክስል (የግራና የቀኙን ጎማ የሚይዘው ዘንግ) ርቀት 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ውሃው 300 ኪሎ፣ ጄኔሬተርና ባትሪው 100 ኪሎ ቢሆን፣ ይህ 400 ኪሎ ደግሞ ከኋላ አክስል 1.5 ሜትር አልፎ ቢቀመጥ፣ ከፊት አክስል ላይ 150 ኪሎ ገደማ ያነሳል። ኋላው የሚሸከመው 400 ሳይሆን 550 ኪሎ ነው ማለት ነው። የሚመሩት የፊት ጎማዎች ቀለዋል፣ የኋላዎቹ ታፍነዋል። ሳጥኑ አዲስ ቢሆንም ይህን አያድነውም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስመዝኑት። የእህልና የብረት ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የከባድ መኪና ሚዛን ላይ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ አውጡ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ሙሉውን መኪና። ልዩነቱ የኋላው ነው። ስትመዝኑ ለጉዞ እንደምትወጡት ይሁን፦ ውሃ ሞልቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ባለቤትዎም ቦታቸው ላይ ተቀምጠው። ቁጥሩን በሩ ላይ ወይም ሻንሲው ላይ ከተለጠፈው ገደብ ጋር አስተያዩት። እኔ እስካሁን ያየኋቸው ወደ መኖሪያ የተቀየሩ መኪኖች ሁሉ ባለቤቱ ከገመተው በላይ መዝነዋል፤ አንድም ቀሎ የተገኘ የለም።

ታንከሩን በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ አስሩት። ውስጡ መከፋፈያ ከሌለው በግማሽ ውሃ አትጓዙ፤ ኩርባ ላይ ውሃው ከእናንተ ዘግይቶ ይዞርና መኪናውን ሁለተኛ ጊዜ ያንገላታዋል።

ከዚህ በኋላ ነው የመሪው ተራ። ሞተሩ ይነሳ፣ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ይቁም፣ በክሪክ እንዳታነሱት። አንድ ሰው መሪውን ቀኝ ግራ በትንሹ ያወዛውዝ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ በእጁ ይያዝ። ያለቀው ቦታ ዓይን ሳያየው እጅ ላይ ጠቅ ይላል። በክሪክ ሲነሳ ክብደቱ ስለሚለቀው ብዙ ጥፋት ይደበቃል። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ «ይቀየር» ካለ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

አላይመንቱንም፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን ማለቴ ነው፣ ዕቃው ተጭኖ ሳለ አሠሩት። ባዶውን የተስተካከለ መኪና ሲጫን ቁመናው ይለወጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ፊታቸውን ጥቂት ወደ ውጭ ካዞሩ ደግሞ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድን ይረሳል።

የከባድ መኪናው ግፊት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሲቀርብ አየሩ ይገፋችኋል፣ ሲያልፍ መልሶ ይስባችኋል። ጎኑ ሰፊ የሆነ መኪና ያንን ሁሉ ይቀበላል። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፣ በትንሹ መልሱት፣ ፍጥነትም ቀንሱ። መሪ የሚያረጋጋ ሾክ እንሽጥላችሁ የሚሉ አሉ። ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ይጠቅማል፤ ከዚያ በፊት ግን በሽታውን የሚሸፍን ማስታገሻ ነው።

አድማጭ ከሜክሲኮ፣ የታክሲ ሾፌር፦ «ዶልፊኔ ልክ 70 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ 90 ሲሆን ይተዋል።»

አንድ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ የሚሄድ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ባላንስ ነው፤ የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አልተከፋፈለም ማለት ነው። ጎማውንም ቸርኬውንም አስፈትሽ፣ ከውስጥ በኩል የደረቀ ጭቃ ካለ አስጠርግ፤ ክረምት ላይ ይህ ብቻ የፈታው ስንት መኪና አለ። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ቢሆን ወደ ፍሬን ዲስኩ እልክህ ነበር። ጉድጓድ ከረገጥክ በኋላ ከጀመረህ ግን ዛሬውኑ ከሥር ይታይ። ደግሞ 90 የት አግኝተህ ነው ወንድሜ?

አድማጭ ከአራት ኪሎ፦ «ለቤተሰብ ጉዞ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዛሁ። ወደ ቀኝ ይስባል። ሁለት ጊዜ አላይመንት አሠራሁ፣ ለውጥ የለም።»

እህቴ፣ ሦስተኛ ጊዜ አትክፈዪ። መንገዶቻችን ውሃ እንዲወርድ ወደ ጠርዙ ዘንበል ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ መሳብ የመንገዱ ነው። እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ አካባቢ ገላጣ ሲሆን፣ ሜዳ የሆነውን መሐለኛ ረድፍ ይዘሽ ሞክሪው። እዚያም ከሳበሽ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሪያቸው። አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ያለበት ጎማ ከሆነ ግን ይህን አታድርጊ። አሁን ወደ ግራ መሳብ ከጀመረ ጥፋቱ ጎማው ራሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲጣመም አላይመንት የሚያነብ ማሽን አያየውም። ለውጥ ከሌለ ጥቂት ነድተሽ ከቆምሽ በኋላ የእጅሽን ጀርባ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጊ። ቀኙ ከግራው በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም።

አድማጭ ከፒያሳ፣ በአስጎብኚነት ሥራ ላይ፦ «የኋላው ስለሚቀመጥብኝ ባሌስትራ ላስጨምር ነው። አንድ ይበቃል ወይስ ሁለት?»

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ ረጋ ብዬ ልመልሰው። ባሌስትራ፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ መጨመር አገራችን ውስጥ እንደ በርበሬ ነው፤ ወጡ ያልጣመው ሁሉ ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ከፍታና ጥንካሬ እንጂ የመጫን አቅም አይደለም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው እንደነበሩ ናቸው።

ሁለተኛው ጣጣ መሪ ላይ ነው። የብስክሌት የፊት ጎማ የተያዘበት ሹካ ወደ ነጂው ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው፤ እጅህን ብትለቅ እንኳ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚያ ምክንያት ነው። መኪናም ይህ ዝንባሌ አለው፣ ካስተር ይሉታል (ከላይ ካለው ኮስተር ጋር እንዳታምታቱት)። የሁለቱ አክስል ርቀት 2.5 ሜትር ገደማ በሆነ መኪና ላይ ኋላውን በ5 ሳንቲሜትር ብታስነሳ ከዚህ ዝንባሌ 1 ዲግሪ ያህል ትቀንሳለህ። ትንሽ ይመስላል። ዝንባሌው ድሮም የጥቂት ዲግሪ ጉዳይ ስለሆነ ግን እጅህ ላይ ታውቀዋለህ፤ መሪው ይቀላል፣ ቀጥታ መንገድ ላይም ማንከራተት ይጀምራል። አንድ ደንበኛዬ ባሌስትራ ካስጨመረ በኋላ መሪው ቀለለልኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር፤ በሳምንቱ መንገድ አልይዝ አለኝ ብሎ መጣ።

ስለዚህ ለቁጥሩ መልሴ፦ መጀመሪያ የድሮው ባሌስትራ ደክሞ እንደሆነ ይታይ። ጠፍጣፋ ከሆነ ወደ ልኩ ይመለስ ወይም ይቀየር፤ ይህ መጨመር አይባልም። ጎሚኒዎቹ፣ መጋጠሚያው ላይ ያሉት ላስቲኮች፣ ካለቁ ይቀየሩ። ሾክ አብዞርበሮቹ ዘይት ካንጠባጠቡ አራቱም ይቀየሩ። መኪናው ኩርባ ላይ እየተኛ ካስቸገረህ ደግሞ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ስታብላይዘር የሚሉት፣ ጎሚኒው ተበልቶ እንደሆን አሳይ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተቀመጠ ጭነቱ በዝቷል፤ ቀንስ።

አድማጭ ከልደታ፦ «ጎሚስታው ለሁሉም መኪና 40 ፒኤስአይ አየር ነው የሚሞላው። ልክ ነው? ደግሞ የቤት መኪና ጎማ ልኩ እስከሆነ ድረስ ሚኒባስ ላይ ቢገባ ምን አለበት?»

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አደገኛው እሱ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር እይ። ሚኒባስ ላይ የሚገባው 195 ባለ 15 የጭነት ጎማ ብዙውን ጊዜ 106 ይላል፤ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በስፋትና በቸርኬ ልክ የሚመሳሰለው የቤት መኪና ጎማ 91 ቢል፣ አቅሙ 615 ኪሎ ነው። ቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ጎኑ ግን ለስላሳ ስለሆነ መሪውን ስታዞር ጎማው ዘግይቶ ይከተልሃል፣ ሲግል ደግሞ ይፈነዳል። ዕድሜውንም እይ፦ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

40 ለሁሉም የሚባል ነገር የለም። ልኩ በር ላይ ተለጥፏል፣ ከባድ ጭነት ካለህ ደግሞ የጎማው አምራች ለክብደት ያወጣው ሰንጠረዥ አለ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፍ። ጠዋት ሳትነዳ ለካ። ወደ ዝዋይና ላንጋኖ ስትወርድ ቆላ ስለሆነ አየሩ ይከብዳል፣ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ሙቀቱ ግን በየ10 ዲግሪው 2 ያህል ስለሚጨምር ውጤቱ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። «በዛ» ብለህ የጋለ ጎማ አታስተንፍስ። ማታ ሲበርድ ጎሎ ያድርብሃል።

አድማጭ ከለገሃር፦ «ውሃውን ሮቶ ገዝቼ ፖርቶ መጋላው ላይ ባስረውስ? ወደ ባሕር ዳር ልንሄድ ነው።»

አይሆንም። 200 ሊትር ውሃ ጣራ ላይ ማለት ሦስት ጎልማሳ እላይ ቆመው ኩርባ እየተጠመዘዙ እንደመሄድ ነው። ጎሃ ጽዮን ካለፋችሁ በኋላ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ኩርባ በኩርባ። ሽቅብ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እንጂ እየረገጣችሁ አትቆዩ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ቸርኬው ላይም ውሃ አትድፉ።

የካዛንቺሱ አድማጭ ይህን ስጽፍ መልሰው ደውለው ነበር። አስመዝነዋል፣ ታንከሩንም ወደ መሐል አስመጥተዋል። «መኪናው መንገድ ይዟል» አሉኝ፤ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ግን ጋሼ፣ ስናቆመው መሪው ከበድ ብሎናል፣ ይህስ ምንድን ነው?» አሉ። የፊት ጎማዎችዎ መሬት ረግጠው ነው አልኳቸው።