ስለ ፍሪዳ ቫልበርግ፦ ለቦክስ ሠልጣኞችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ አሠልጣኞች፣ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግታችሁ የምትሳሳቁም ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ስቶክሆልም ውስጥ ሴት ልጁን ቦክስ ያስመዘገበ አበሻ ወላጅ ሲያገኘኝ፣ ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ልጄ ትጎዳብኝ ይሆን?» ይለኛል። አትጎዳም ብዬ መማል አልችልም። የሚምልላችሁ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ በመሐላ ፈንታ የአንዲት የዚህ አገር ቦክሰኛ ታሪክ ላውራችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪዳ ቫልበርግ በ1983 ኖርሾፒንግ ተወለደች። በዚያን ጊዜ ስዊድን ውስጥ ለገንዘብ ቦክስ መጫወት በሕግ የተከለከለ ነበር። ነገሩ ይገርማል። ምክንያቱም ይህች አገር በ1959 ዓለምን ጉድ ያሰኘች ናት፤ የጎተንበርጉ ልጅ ኢንገማር ዮሐንሰን ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ፍሎይድ ፓተርሰንን በ3ኛው ዙር አሸንፎ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሕዝቡ ሌሊቱን ሬዲዮ ላይ ተጥዶ አደረ። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ፓርላማው ፕሮፌሽናል ቦክስን ከለከለ፤ ክልከላው ከጥር 1970 ጀምሮ ጸና። የጭንቅላት ጉዳት ዋናው ምክንያት ነበር። አማተሩ ቀጠለ፣ ክለቦች አልተዘጉም፣ ፕሮፌሽናል መሆን የፈለገ ግን ሻንጣውን መሸከፍ ነበረበት።

ሴቶቹም እንደዚያው አደረጉ። ኦሳ ሳንዴል የምትባል ቦክሰኛ ነበረች፤ ጋዜጠኛም ናት። በታኅሣሥ 2005 በርሊን ላይ ከመሐመድ አሊ ልጅ ከላይላ አሊ ጋር ተጋጠመች፤ በ5ኛው ዙር ዳኛው አስቆመው። ያን ግጥሚያ በገዛ አገሯ ማድረግ አትችልም ነበር። ክልከላውን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው ነው አልልም፤ ሐሳባቸው ጤና ነበር። ነገር ግን ሕጉ ቡጢውን አላስቀረውም። ቡጢው ሌላ አገር፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ዳኛ ፊት ሆነ እንጂ። ከ2007 ጀምሮ ሕጉ ተለወጠና በመንግሥት ፈቃድ እየታየ ግጥሚያ ማዘጋጀት ተቻለ።

ፍሪዳ በዚህ በር ከገቡት አንዷ ናት። በሱፐር ፌዘር ሚዛን፣ ማለትም ከ59 ኪሎ በታች፣ የደብልዩ ቢ ሲ፣ ማለትም የዓለም ቦክስ ምክር ቤት፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ነው። ይህ ያናድደኛል። ወደዚያች ሌሊት ከመሄዴ በፊት ስለ ሚያዝያ 2012 ልንገራችሁ።

ልጆች፣ በስልካችሁ የምታዩአትን አማንዳ ሰራኖን ታውቋታላችሁ። የፖርቶ ሪኮዋ፣ በሰባት ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው። በ2022 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ከአየርላንዷ ኬቲ ቴይለር ጋር የተጋጠመችው። በዚያ አዳራሽ ሁለት ሴቶች የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ሲሆኑ ያ የመጀመሪያው ነው። ሰራኖ ወደዚያ መድረክ ስትወጣ 42 ድል፣ አንድ አቻና አንድ ሽንፈት ነበራት። አንዷ ሽንፈት የማን እጅ ናት? የፍሪዳ። ስዊድን ድረስ መጥታ ቀበቶውን ልትወስድ ሞከረች፤ 10 ዙር ተጫወቱ፤ ሦስቱም ዳኞች ነጥቡን ለፍሪዳ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ሰራኖን ያሸነፈ ሰው አልተገኘም። ፍሪዳ ዛሬ በቴሌቪዥን ከሚወደሱት ጋር ስሟ የማይነሣው በችሎታ አንሳ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ወደ ሰኔ 14፣ 2013። ከተማው ይኸው የኛው ስቶክሆልም ነው። ፍሪዳ 11 ጊዜ ተጫውታ 11 ጊዜ አሸንፋለች። ተጋጣሚዋ አውስትራሊያዊቷ ዲያና ፕራዛክ ናት። ከፕራዛክ ጀርባ የቆመችው አሠልጣኝ ደግሞ ሆላንዳዊቷ ሉሲያ ራይከር፤ በፕሮፌሽናል ቦክስ 17 ጊዜ ተጫውታ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈች ሴት። ግጥሚያው እስከ 8ኛው ዙር ደረሰ። በ8ኛው ዙር ፕራዛክ ፍሪዳን በዝረራ አሸነፈች።

እስኪ ያንን ደቂቃ አስቡት። አዳራሹ ይጮኻል። አዲስ ሻምፒዮን ተገኝቷል። ካሜራው፣ አስተዋዋቂው፣ ቀበቶውን የያዘው ሰው፣ ሁሉም ወደ አሸናፊዋ ነው የሚሮጠው። የተሸነፈችው የራሷ ኮርነር ውስጥ ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የፍሪዳ ሁኔታ ደህና እንዳልሆነ ለይታ ያየችው ሉሲያ ራይከር ናት። የማን አሠልጣኝ? የተጋጣሚዋ። የራሷ ልጅ የዓለም ቀበቶ ባገኘችበት ሰዓት ጀርባዋን ለደስታው ሰጥታ ሐኪም እንዲመጣ ጮኸች። ፍሪዳ አንጎሏ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ወደ ሆስፒታል ተወስዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ተረፈች። ረጅም የማገገሚያ ጊዜ አሳለፈች። ጓንት ግን ዳግመኛ አላጠለቀችም። መዝገቧ 11 ድልና 1 ሽንፈት ላይ ቆመ።

ወላጆች እንድትረዱልኝ ስለዚህ ጉዳት ትንሽ ላብራራ። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል ውስጡ ይናወጣል። ከአንጎል ወደ ጠንካራው ሽፋን የሚሻገሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። የራስ ቅል አጥንት ነው፤ እንደ ሆድ አይለጠጥም። ደሙ መውጫ ሲያጣ አንጎልን ይጫነዋል። አስቸጋሪው ነገር፣ እንዲህ የተጎዳ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሊያወራችሁ፣ «ደህና ነኝ» ሊላችሁም ይችላል። ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ደቂቃ ዋጋ አለው። ውሃ በላዩ ላይ ማፍሰስ፣ «ትንሽ ትረፍ» ማለት፣ ወደ መልበሻ ክፍል መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ናቸው።

በፕሮፌሽናል ቦክስ ሴቶች የሚጫወቱት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው፤ የወንዶቹ ሦስት። አጭር ስለሆነ አይጎዳም የሚል ወሬ ጂም ውስጥ እሰማለሁ። ፍሪዳ የተጎዳችው በሁለት ደቂቃ ዙር ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ክልከላው ይመለስ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ይገባኛል፤ እናት ብሆን ኖሮ እኔም ያንን እል ይሆናል። ግን ፍሪዳን ያተረፋት ዓይን ነው። ያ ዓይን ደግሞ ለሥራው የተመደበ አልነበረም፤ ራይከር ሌላ ሥራ ነበራት። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የተጋጣሚው አሠልጣኝ ራይከር ባይሆንስ?

ስለዚህ አሠልጣኞች፣ ከናንተ የምለምነው ይህን ነው። ስፓሪንግም፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ ሆነ ግጥሚያ ሲኖር፣ ፎጣና ውሃ የማይዝ፣ ነጥብ የማይቆጥር፣ ፎቶ የማያነሣ አንድ ሰው ይመደብ። ሥራው የተመታችውን ልጅ ማየት ብቻ ይሁን፤ የኛ ብትሆን የነሱ። ጥርጣሬ ካለው ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ይደውል። ባዶ ማንቂያ ቢሆን እኔ ሐፍረቱን እወስዳለሁ።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። «ራሷን ካመማት ማን ያስቆማታል? ያስቆመው ሰው ይከበራል ወይስ ይሰደባል?» በሉ። መልሱ ላይ አሠልጣኙ ከተንተባተበ ገብቷችኋል።

እናንተ ልጆች፣ ከስፓሪንግ በኋላ ራስ ምታት ካላችሁ ክኒን ውጣችሁ ዝም አትበሉ። ጨዋታ እንዳያልፋችሁ ፈርታችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በናንተ ዕድሜ ነበርኩ። ንገሩን። የቀረ ግጥሚያ ሌላ ቀን ይመጣል።

ይኸው ነው። ጓንቱና የራስ መከላከያው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እናቶች እየነካችሁ እዩት፣ አጥልቃችሁም ሞክሩት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ለልጃገረዶቹ ዕድል እንስጥ፣ ከኋላ ያላችሁት ጀምሩ።