ማይኩን ወደ አፍ፣ ማሽኑን ወደ ኪስ

በዓለም የመስማት ቀን፣ የካቲት 24፣ ለመስሚያ መሣሪያ ተጠቃሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ሐኪሞቻችን፣ መሣሪያ የምትሸጡልን ነጋዴዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮአችሁ ላይ ማሽን ሰክታችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የመስማት ቀናችን በዓድዋ ማግስት መዋሉ ደስ ይለኛል። ትናንት አደባባይ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከበሮው፣ ፉከራው፣ ጥሩምባው። ማሽናችን ሁሉንም እኩል አጉልቶ ጆሮአችን ውስጥ ደፋው። አጠገባችን የቆመው ልጃችን ያለንን ግን አልሰማንም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች አንድ ነገር ልናገር ነው። አዘጋጆቹ ስለ ጆሮ ንጽሕናና ስለ ሕፃናት ምርመራም አንሳ ብለውኛል። እደርስበታለሁ። ካልደረስኩም ሐኪሞቹ እዚህ አሉ።

አቋሜን ላስቀድም። ጫጫታ የማጣራቱን ሥራ ሁሉ ከጆሮ ጀርባ በምትደበቅ ዕቃ ላይ መጫን ይብቃ። ሥራው ወደ ውጭ ይውጣ። ማይክሮፎኑ የተናጋሪው ደረት ላይ ይሁን፤ አጣሪው ኪሳችን ውስጥ ይግባ። ጆሮአችን ላይ ያለችው የተጣራውን ትቀበል።

ለምን? ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት፤ እንደ ጠጋኝ ልንገራችሁ። ወረቀቷን ስትልጡላት አየር ስባ ሥራ የምትጀምረው ባትሪያችን 1.4 ቮልት ገደማ ናት። በእሷ ጉልበት ቀኑን ሙሉ እየሠራ ብዙ የሚያስብ ቺፕ ማግኘት ከባድ ነው። ማሽናችን ላይ ያሉት ሁለቱ ማይክሮፎኖች የሚራራቁት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከፊት የመጣውን ድምፅ ከኋላው የሚለዩት በዚያች ክፍተት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ርቀት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ከተናጋሪው ያላችሁ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይወርዳል። ጫጫታው ግን ዙሪያችሁን ነውና አይወርድም። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ድምፅ እናንተ ጋ ሲደርስ ከጫጫታው ጋር ተደባልቆ ነው። ማይኩ ከአፉ አንድ ስንዝር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ገና ሳይደባለቅ ይያዛል።

የእድሩን ታሪክ የሰማችሁ አላችሁ። ያልሰማችሁም ስላላችሁ እደግመዋለሁ። ጊዜው ነሐሴ ነው። አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲጀምር ለደህና ጆሮም አስቸጋሪ ነው። ልጄ ከውጭ የላከችልኝን የርቀት ማይክሮፎን ይዤ ሄድኩ፤ የያዘችውን ድምፅ ያለ ሽቦ ጆሮዬ ላይ ወዳለው ማሽን ትልካለች። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ገና ሳልደላደል አንድ አባት ብድግ አሉ። «ይሄ ሰውዬ እየቀዳን ነው!» ጸሐፊው ደግሞ «ለማን ልትሰጠው ነው?» አለኝ። የሂሳብ ሪፖርት ለመስማት የተጠራ ስብሰባ በእኔ ማይክ ላይ ክርክር ከፈተ። አንዱ ለፖሊስ እናመልክት አለ። ሌላው ባትሪዋ ትውጣና ትታይ አለ። አንዲት እናት «ለመስማት ነው እኮ የሚላችሁ፤ ምን ክፋት አለው?» ብለው ቢከራከሩልኝ የሚሰማቸው ጠፋ። በመጨረሻ እጅ ይውጣ ተባለ።

እናንተዬ፣ ነገሩ ሳይገባችሁ አልቀረም። ያንን ሁሉ ክርክር፣ በዚያ ዝናብ፣ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁት! እዚያ አዳራሽ ለዓመታት ሰው ሲስቅ ስስቅ፣ ሰው እጅ ሲያወጣ ሳወጣ ኖሬአለሁ። ገንዘብ ያዡ ወደ ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ «ይሄ ደንቆሮ ምን ሊሰማ ነው የሚለፋው?» ሲልም ሰማሁት። ከመጨረሻው ረድፍ ሆኜ «ያልከው ደርሶኛል!» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማይኳም በድምፅ ብልጫ አለፈች። አሁን ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሲከፍት «የጋሼ ማይክ የታለች?» ይላል። ገንዘብ ያዡም ሹክሹክታውን ቀንሷል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። መሣሪያ ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንሰማው ምንድን ነው? «አይታይም!» «ከጸጉርዎ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰው አያውቅብዎትም።» ወንድሜ፣ የመጣሁት ልሰማ ነው ወይስ ልደበቅ? መነጽር የሚሸጥ ሰው «አይታይም» ብሎ ይሸጣል? ከዚያ በሩን ይዘጉና ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ «ይሰማዎታል?» ይሉናል። ጸጥ ባለ ክፍልማ ማን አይሰማም! ታክሲ ተራ ውሰዱኝ። ረዳቱ እየተጣራ፣ ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ጠይቁኝ። እዚያ ከሰማሁ ልክፈል። ካልሰማሁ ዕቃችሁን ውሰዱ!

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒኮሌት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፊኒክስ የሚባል ዲጂታል የመስሚያ መሣሪያ አወጣ። ማሰቢያው ሰውነት ላይ የሚያዝ ሳጥን ነበር፤ በሽቦ ከጆሮ ጋር ይገናኛል። ሰው አልወደደውም። በ2020 ዊስፐር የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ኪስ ውስጥ የሚገባ አጣሪ ይዞ መጣ። እሱም ገበያው ላይ አልቆየም። በ2024 ፎናክ የተባለው የመስሚያ መሣሪያ አምራች ንግግርን ከጫጫታ ለመለየት የተሠራ ተጨማሪ ቺፕ እዚያው ከጆሮ ጀርባ አስገባ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ዋጋውን ስሰማ ግን ኪሴን ነው የዳሰስኩት። እዚያ ያገኘሁት ስልኬን ነው! ከጆሮ ማሽኔ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አቅም ያለው ዕቃ ተሸክሜ እዞራለሁ።

አፕል እኮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አይፎንን ተስማሚ ለሆኑ የመስሚያ መሣሪያዎች ማይክ አድርጎታል። በ2018 ኤርፖድስ ለሚባሉት ገመድ አልባ ማዳመጫዎቹም ፈቀደ። ስልኩን ተናጋሪው ፊት ታስቀምጣላችሁ፤ ድምፁ ጆሮአችሁ ይገባል። ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ የመሣሪያችሁን ሞዴል አይተው ይነግሯችኋል። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዴሊያንግ ዋንግ የሚባሉ ተመራማሪ አሉ። እናታቸው መስማት እየተሳናቸው ሲሄዱ ያዩ ልጅ ናቸው። ኮምፒውተር ንግግርን ከጫጫታ እንዲለይ ሲያስተምሩ ዓመታት አሳልፈዋል። እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዛሬ ስልክ ላይ መሥራት ጀምሯል።

እንከን የለውም አልላችሁም። ድምፁ ኪስ ደርሶ ሲመለስ ይዘገያል። የራስን ድምፅ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ መስማት መረበሽ ይጀምራል። የተለመደው ብሉቱዝ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል፤ ያኔ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ የብሉቱዝ ዓይነት ይሻላል። ባትሪም ይበላል። ይብላ! ስብሰባ ላይ ከንፈርና ድምፅ ትንሽ ቢለያይብኝ እመርጣለሁ፤ ምንም ሳልሰማ ራሴን ከምነቀንቅ።

ቤተሰቦች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። «ምን አልክ?» ስንላችሁ «ተወው፣ ምንም አይደለም» አትበሉን። ከሁሉ የሚያመን እሱ ነው። ማይኳን ስንዘረጋላችሁም አትሽኮርመሙ፤ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሏት። «ድምፄ ጎላ ያለ ነው፤ ማይክ አልፈልግም» የምትሉ ተናጋሪዎችም እባካችሁ ተቀበሉ። የምትጮኹት እናንተ፣ የማንሰማው እኛ ነን።

ስለ ንጽሕናው፤ ክብሪት እንጨት ጆሮ ውስጥ አይገባም። ስለ ሕፃናቱ፤ ቶሎ ይመርመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሪፖርቱ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰው የመስማት ችግሩ እርዳታ የሚሻ ነው ብሏል። ዝርዝሩን ሐኪሞቹ ይነግሯችኋል።

ከሻይ በኋላ የእኔን ማይክና ሁለት ስልኮች በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ። መሣሪያችሁን አገናኝተው የሚያሳዩአችሁ ልጆች አሉ። ስኒው ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያወራ ሞክሩት። አዘጋጆች፣ እባካችሁ ጄኔሬተሩን እንዳታጠፉት።

አመሰግናለሁ።