ስሙ የገነነ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

እታለም፦ እሺ፣ ገብተናል። አያ፣ ቡናህን አስቀምጥና ስማኝ። የዛሬው ጥያቄ ከአንዲት አድማጫችን የመጣ ነው። እዚሁ ጎጃም፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች። ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳለች፣ ነጥቧም አሪፍ ነው። አሁን አዲስ አበባ ያለ ስሙ የገነነ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በዝውውር ሊቀበላት ፈቅዷል። ክፍያ አለው፣ ዶርም የለውም። አባቷ በብቸና በኩል ገበሬ ናቸው። ልሂድ ወይስ ልቅር ነው የምትለው።

አያ፦ ትቅር። በቃ፣ አለቀ፣ ደህና ሁኑ።

እታለም፦ ኧረ በማርያም! ምክንያት ስጥ እንጂ።

አያ፦ ምክንያቱማ ሞልቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የሚወሰደው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ አይደል? ማርቆስ የተማረውም፣ እንጅባራ የተማረውም፣ አዲስ አበባ የተማረውም በአንድ ትምህርት ክፍል የሚወስደው ፈተና ያው ነው። ማለፊያውም ለሁሉም ከመቶ 50 ነው። ትምህርቱም ቢሆን ፈንዳሜንታልስ፣ ኢንተርሚዲየት፣ ኮስት፣ አድቫንስድ፣ ኦዲቲንግ፤ የትም ሂጂ ይኸው ነው። ዴቢትና ክሬዲት አባይን ሲሻገር አይለወጥም።

እታለም፦ (ሳቅ) እሱስ አይለወጥም። አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ግን ይለወጣል።

አያ፦ ስም ልትገዛ ነው በይኛ።

እታለም፦ ስም ከየት እንደሚመጣ እንይ እስኪ። አዲስ አበባ ያለውን የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስን ውሰድ። እንደ ምሳሌ ነው፣ እሷ የተቀበላትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ኮሜርስ የተከፈተው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ.። በመካከሉ ከስልሳ ዓመት በላይ አለ። የኮሜርስ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲገባ ጠያቂው ራሱ ኮሜርስ የተማረ ሊሆን ይችላል፣ የባንኩ ዲስትሪክት ማናጀርም እንደዚያው። የማርቆስ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ግን ገና አሁን ነው ወደ ኃላፊነት ወንበር እየወጡ ያሉት። የማስተማር ጉዳይ አይደለም፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

አያ፦ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

እታለም፦ ስደበኝ እንጂ እውነት ነው።

አያ፦ ቆይ፣ አንድ ጥናት አለ። ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ አሜሪካ ነው። ምን አደረጉ መሰለሽ፣ ትልልቅ ስም ያላቸው ኮሌጆች ተቀብለዋቸው የገቡትን ልጆች፣ እዚያው ተቀባይነት አግኝተው ግን ስሙ ዝቅ ያለ ኮሌጅ ከመረጡት ጋር አነጻጸሩ። በኋላ ደመወዛቸውን ሲያዩት በአብዛኛው ያን ያህል ልዩነት የለውም። ጎበዟ ልጅ የትም ብትገባ ጎበዝ ናት ማለት ነው። ይቺም ልጅ ተቀብለዋታል፤ ስለዚህ ጉብዝናው ከእሷ ጋር ነው።

እታለም፦ እሱን ጥናት እኔም አውቀዋለሁ። ጨርስልኝ እስኪ።

አያ፦ ጨረስኩ እኮ።

እታለም፦ አልጨረስክም! አንድ ለየት ያለ ነገር አለው። ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች ልዩነቱ ነበረ። በኋላ ባሳተሙት ሥራም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ከትልቁ ኮሌጅ ጥቅም አግኝተዋል። ለምን ብለህ ስታስበው ግልጽ ነው። የባለሀብት ልጅ የትም ብትማር አጎቷ ባንክ ውስጥ አለ፣ የአባቷ ጓደኛ ኦዲት ድርጅት አለው፣ ስልክ ይደወልላታል። የገበሬ ልጅ ማን ይደውልላታል? እሷ ሰው የምታገኘው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአንተ ጥናት ለእኛዋ ልጅ ሂጂ እያለ ነው።

አያ፦ አትቸኩይ። ያ አሜሪካ ነው። እዚያ እንዲህ ያሉት ትልልቅ ኮሌጆች ለድሃ ልጅ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ ያደርጋሉ፣ ልጁም ግቢ ውስጥ ያድራል። እኛ ጋ ምን ይሆናል? አሁን በወጪ መጋራት ነው የምትማረው፣ ትበላለች፣ ዶርም አላት፣ ተመርቃ ነው የምትከፍለው። አዲስ አበባ ስትሄድ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት። ቤት ደግሞ የሚረክሰው ከከተማው ዳር ነው። ክፍል እንዳለቀ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት፤ ያ ሰው ሰው የምትዪው ነገር ደግሞ የሚገኘው ከክፍል በኋላ ነው፣ በግሩፕ ሥራ፣ በክበብ፣ ማታ ሻይ ላይ። ከፍላበት ሳታገኘው ልትመረቅ ትችላለች።

እታለም፦ ይሄኛው ጥሩ ነጥብ ነው። በእውነት።

አያ፦ አባትየው ደግሞ ጤፍ ሸጠው ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ በሬ ሸጠው ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይታረስበታል?

እታለም፦ እሺ፣ ገንዘቡን እሷ ቁጭ ብላ ትደምረው፣ አካውንታንት ናት አይደል። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ የኮርሱ ነገር ነው። እህቴ፣ ስሚኝ። ተቀብለንሻል ማለት ኮርስሽን ሁሉ ቆጥረንልሻል ማለት አይደለም። ሬጅስትራር ሄደሽ የትኛው ኮርስ እንደተያዘልሽ አንድ በአንድ በጽሑፍ ጠይቂ። የኮርስ መግለጫውን ከትራንስክሪፕትሽ ጋር ይዘሽ ሂጂ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ወይም ክሬዲት ሰዓቱ የሚለይ አለ። ግሬድሽስ ወደ አዲሱ ጂፒኤ ይገባል ወይስ ኮርሱ ብቻ ነው የሚቆጠረው? ለፍተሽ ያመጣሽው ኤ ተሰርዞ ከዜሮ ልትጀምሪ ትችያለሽ።

አያ፦ አንድ ኮርስ ብቻ ቢቀርስ?

እታለም፦ አንዱ ነው ጣጣው! ኢንተርሚዲየት አንድ ካልተያዘልሽ ሁለትን አትወስጂም፣ ሁለትን ካልወሰድሽ አድቫንስድ አትገቢም። ኮርሱ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ዓመትሽ ሄደ። ስለዚህ ስንት ኮርስ ተያዘልኝ ብቻ ሳይሆን ያልተያዘው የትኛው ነው በዪ።

አያ፦ እኔ ሌላ መንገድ ላሳያት። እዚሁ ትጨርስ፣ በጥሩ ነጥብ። ሥራ ትያዝ። ከዚያ ማስተርሷን ያንን ስም ያለው ትምህርት ቤት በማታ ትማር። ሲቪ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ዲግሪ ነው። ያኔ ክፍያውን ከራሷ ደመወዝ ነው የምትከፍለው፣ አጠገቧ የሚቀመጡትም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከፈለገች ደግሞ ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካውንታንቶች የሙያ ማረጋገጫ አለ። በጠቅላላው 13 ፈተና ነው፣ እንደ ዲግሪዋ የተወሰኑት ይቀነሱላታል። እዚያ ወረቀት ላይ የየት ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነሽ የሚል የለም።

እታለም፦ ሥራ ትያዝ ስትል ቀላል አስመሰልከው እኮ። ጊዜውን እይ። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የካፒታል ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጸደቀ። ይሄ ሁሉ አካውንታንት ይፈልጋል፣ ግን ቢሮው የት ነው? አዲስ አበባ! የኢንተርንሺፕ ወሬ የሚሰማው እዚያ ያለ ሰው ነው። ደግሞ የእኛን አካባቢ ሁኔታ ታውቀዋለህ፣ መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ሲቆራረጥ አይተናል። ልጅቷ በዚህም ብትፈራ አልፈርድባትም።

አያ፦ በዚህ አልከራከርሽም።

እታለም፦ እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። የሚባክነው ከአንድ ሴሚስተር ካልበለጠ፣ በእግሯ ሄዳ የምትደርስበት ቤት ከሌሎች ሴት ተማሪዎች ጋር ከተከራየች፣ በሬውም ካልተሸጠ፣ ትሂድ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የአንተ መንገድ ይሻላል።

አያ፦ ሦስቱም ከተሟሉ እኔም ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ እሸኛታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እህቴ፣ የተያዙልሽ ኮርሶች ዝርዝር ማህተም ተደርጎበት እጅሽ ሳይገባ እዚህ ክሊራንስ፣ ማለትም የመልቀቂያውን ሂደት፣ እንዳትጀምሪ። ወይ ከዚያ ወይ ከዚህ ሳትሆኚ ትቀሪያለሽ፤ መመለሱ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ደጅ ጥናት ነው።

እታለም፦ ዝርዝሩ ሲደርስሽ ላኪልንና አብረን እናየዋለን። እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ።